ካፖርቱን የለበሰ እንዳይተኛ

መቀመጥ አልወድም። ሰው ቤት ስሄድ «ኧረ ተቀመጪ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?» እባላለሁ፤ እቀመጥና መልሼ እነሳለሁ። ክፍል ውስጥማ አይነሳ። ከመስኮቱ እስከ በሩ ስመላለስ የተማሪዎቼ አንገት አብሮኝ ይዞራል። «መምህር፣ እኛን ደከመን» ያለኝ ባለጌም አለ። በተለይ በዓመቱ መጀመሪያ፣ የሥነ ጥበቡን መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ ስገልጥ ይብስብኛል። ምዕራፉ ስለ ሥነ ጥበብ ዓይነቶችና ስለ ጥቅማቸው ነው። ዓይነቶቹን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ሥዕል፣ ቅርፃ ቅርፅ፣ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ትያትር። እስከዚህ ደህና ነኝ። ጥቅሙ ላይ ስደርስ ጠመኔው እጄ ላይ ይቀራል። ያዝናናል፣ ያስተምራል፣ ይቀሰቅሳል ይላል መጽሐፉ። ማን ውሸት ነው አለ? ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ እሱን ለማስረዳት ደግሞ ስለ አባቴ ካፖርት መናገር አለብኝ፤ ያን ተናግሬ ሳልጨርስ ደወሉ ይደወላል። እዚህ ደወል የለም፣ እንግዲህ ልናገር።

አባቴ አንድ የወታደር ካፖርት ነበረው፤ ደሴ ወርዶ ከሰልባጅ ተራ የገዛው። የመካነ ሰላም ነፋስ አጥንት ድረስ የሚገባ ነውና ያለ ካፖርቱ ደጅ አይወጣም። የደረቱ ቁልፍ አንድ ጊዜ ወድቆ ጠፋ። እናቴ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ ከእኔ የልጅነት ቀሚስ ላይ ቀይ ቁልፍ ቆርጣ ሰፋችበት። «ምነው ሙሽራ አስመሰልሽኝ?» ብሎ ሳቀ፤ ግን ለበሰው። ከዚያ ወዲያ ያችን ቀይ ቁልፍ አይቶ አባቴን ከሩቅ የማይለይ የገበያ ሰው አልነበረም።

ረሃቡ የበረታ ጊዜ፣ ጎታው ባዶ ሆኖ አይጥ እንኳ ጥሎት ሲሄድ፣ አባቴ ባዶ ስልቻ ትከሻው ላይ ጥሎ በወግዲ በኩል ወደ ዓባይ ወረደ። ጎጃም ተሻግሮ፣ ሠርቶም ሆነ ለምኖ እህል ይዞ ሊመለስ ነው። እናቴ ካፖርቱን አምጥታ ልታለብሰው ስትል ሳቀባት። «ቆላ እኮ ነው የምወርደው! ይሞቀኛል! ይሄን ተሸክሜ በላብ ልለቅ?» አለና ግድግዳው ላይ ካለው እንጨት ሰቀለው። «ስመለስ እዚሁ ላግኘው።»

ሄደ። ካፖርቱ እዚያው አለ፤ እሱ አልተመለሰም።

መርዶም አልመጣም፤ ችግሩ ይሄ ነው። የሞተ ሰው ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፣ ተዝካሩ ይወጣል። የቀረ ሰው ግን ምን ይደረግለታል? ወሬው ደግሞ አያርፍም። አንዱ ነጋዴ ዓባይ ዳር ታሞ ተኝቶ አየሁት ይላል። ሌላው ደጎሎ ገበያ ገብስ ሲጭን አየሁት፣ ወላሂ እሱ ነው ይላል። ዓባይ ወዲያ፣ ደጎሎ ወዲህ! እናቴ ለሁለቱም እኩል ታመሰግናለች። «አየሽ፣ አልሞተም» ትለኛለች። ውሻ ሲጮህ ትነሳለች፤ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ትነሳለች። ጎኗ መኝታ የሚነካው ለአመል ያህል ነው። ቀን ደግሞ ቆማ ትፈትላለች። ቆሞ መፍተል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሩን ተደግፋ፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ አድርጋ፣ እንዝርቷን እያሾረች። ጎረቤት «ኧረ ተቀመጪ» ሲላት «ተቀምጬ ሳለ ቢመጣስ?» ትላለች። ይሄ መልስ ነው? ያናድደኝ ነበር፤ ያስፈራኝም ነበር።

በእኛ አገር ሬሳው ካልተገኘ የሟቹ ልብስ ለቅሶው መሃል ይዘረጋል። ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል፤ ልብሱ እንደ ሬሳው ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ልብስ ባለቤቱ በሌለበት መሬት ላይ ከተዘረጋ አለቀ፤ ያ ሰው ሞቷል። እናቴ ይሄን ስለምታውቅ ካፖርቱን አንድ ቀን እንኳ አስተኝታው አታውቅም። ፀሐይ ስታስመታው አጥሩ ላይ ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች። ብል እንዳይበላው ስታራግፈው እንኳ እኔ ትከሻውን ይዤ እቆማለሁ፣ እሷ ትመታዋለች። አንድ ቀን እጄ ዝሎ መደቡ ላይ ላስቀምጠው ብል በጥፊ አለችኝ። ወዲያው አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ካፖርቱ መሃላችን ቆሟል።

እንዲህ እያለን አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ ተባለ፣ መሬት ላራሹ ተባለ፣ ከአዲስ አበባ ዘማች ተማሪዎች በጭነት መኪና ተጭነው ከተማችን ገቡ። ሰፊ ሱሪ፣ ጎፈሬ ጸጉር፣ ሁልጊዜ ዘፈን። ከመካከላቸው ቀጭን፣ ባለ መነጽር አንዱ እኛን ማስተማር ያዘ። ደግ ልጅ ነበር፤ ሲናገር ግን እሳት ነው። ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር ሰብስቦን፣ ዛሬ እኔ የማስተምረውን ያንኑ ትምህርት ያስተማረን እሱ ነው። የሥነ ጥበብ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ዘረዘረልን። ኪነት ማለት ሕዝብ የሚቀሰቀስበት መሣሪያ ነው አለ። እኔም አፌ አያርፍም፣ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሙሾስ ከየትኛው ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን ቆም ብሎ አሰበ። «ልቅሶ ባህል ነው እንጂ ጥበብ አይባልም» አለ በመጨረሻ። «ያውም ኋላ ቀር። ያለቀሰ ሕዝብ አይታገልም።»

እጄን አወረድኩ። በዚያ ክፉ ጊዜ እኮ የሚያለቅስ ሕዝብም አልነበረም። ለማልቀስ ጉልበት ይፈልጋል፤ ለቀስተኛ ለማስተናገድ ንፍሮ ይፈልጋል። ጎረቤታችን፣ ጨውና በርበሬ የሚቸረችሩት ሙስሊም ሴት፣ ትንሿን ልጃቸውን እርዳታ ጣቢያው ድንኳን ውስጥ አጥተው በነጋታው ገበያ ወጥተው ጨው ሲሰፍሩ አይቻለሁ። «እንዴት ነዎት?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ነበር መልሳቸው። ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር። ሞቱን ዋጥ አድርጎ ሥራውን ይሠራል።

ትንሽ ቆይቶ መምህራችን ትያትር ጻፈ። የገበሬ ማኅበሩ በሚመሠረትበት ቀን፣ በሕዝብ ፊት የሚታይ። ታሪኩ አጭር ነው። ረሃብ ገብቷል፤ ባላባቱ የገበሬውን የመጨረሻ እህል ሊወስድ ይመጣል፤ ገበሬው እምቢ ብሎ ይነሳል፤ ሌሎቹ ገበሬዎች ከጎኑ ይቆማሉ፤ ባላባቱ ይሸሻል። እኔ የገበሬው ልጅ ሆንኩ። ገበሬውን የሚጫወተው አንድ ረዥም ዘማች ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ ብርድ ብርድ እያለው የሚንዘፈዘፍ የከተማ ልጅ። ለእሱ የገበሬ ልብስ ጠፋ። መምህሩ የእኛን ካፖርት አጥር ላይ አይቶት ኖሮ ቤታችን መጣ።

እናቴ እንደ ልማዷ በር ላይ ቆማለች። ሊያስረዳት ሞከረ።

«ትያትር ማለት፣ እማማ፣ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማሳየት ነው።»

«ያልሆነውን ሆነ ማለትማ ሟርት ነው፣ ልጄ።»

«ሟርት አይደለም! ጨዋታ በሉት።»

«ጨዋታ» የሚለው ቃል ትንሽ አለሰለሳት። ካፖርቱን አየችው። ከተሰቀለ ጀምሮ ሰው ገብቶበት አያውቅም። ምን እንዳሰበች እኔ አውቃለሁ፤ ትከሻው ሞልቶ፣ እጅጌው ሲንቀሳቀስ፣ ቀዩዋ ቁልፍ ሜዳው ላይ ስትሄድ ማየት አማራት።

«ሰውየው ትያትሩ ላይ ምን ይሆናል?» አለች።

«ይነሳል! ባላባቱን ያባርራል!»

«እንግዲያው ውሰደው። ግን አንድ ነገር ማልልኝ። የለበሰው ልጅ እንዳይተኛ። ቁሞ ይጫወትበት። ቢፈልግ ይሩጥ፣ ቢፈልግ ይፎክር፤ መሬት ላይ እንዳይተኛበት።»

መምህሩ ለምን እንደሆነ አልገባውም። የገባው መስሎት ሳቅ አለ። «አናቆሽሸውም፣ እማማ» ብሎ ማለላት።

ትያትሩ ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው የዘማቾቹ አለቃ መጥቶ ልምምዱን አየ። አልወደደውም። «ገበሬው ካልሞተ ሕዝቡ በምን ይቆጣል?» አለ። ታሪኩ ተቀየረ። ባላባቱ ገፍትሮት ገበሬው ይወድቃል፣ ይሞታል፤ እኔ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ እጄን ጨብጬ «አባቴ አልሞተም! በትግላችን ይኖራል!» እላለሁ፤ ያኔ ገበሬዎቹ ዱላ ይዘው ይወጣሉ። መምህሩን እጁን ይዤ ለመንኩት፤ የልብሱን ነገር ከሥሩ አስረዳሁት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» አለ ከልቡ። «በቃ፣ ጋቢ እንዋሳለን። ካፖርቱ ይመለሳል።»

ጋቢም ተገኘ፤ የአንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው ግን በዕለቱ ራሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ወንበር ተቀምጠው አገኘናቸው! ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ይጋረፋል። «በዚህ ብርድ ጋቢዬን አውልቄ እኔው ልሙትላችሁ እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ሌላ የሚፈለግበት ጊዜ የለም፤ አለቃው በድምፅ ማጉያው ንግግሩን ጨርሶ «አሁን ኪነት!» እያለ ነው። ያ ረዥሙ ዘማች ደግሞ ገና ያልተመለሰውን ካፖርት ከጠዋት ጀምሮ ለብሶ ይዞራል፤ በርዶታል።

«አውልቀው!» አልኩት።

«ራቁቴን ልሙት?» አለኝ።

ወዲያ ብሮጥ ወዲህ ብሮጥ ማንም የሚሰማኝ የለም። መምህሩ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በጣም አጭር ነው» አለኝ፤ እኔን ሳያይ። ከዚያ ገፋ አድርጎ አስወጣኝ።

መድረካችን የእርዳታ ስንዴው መጋዘን ፊት ያለው እህል ማራገፊያ ነበር፤ ከመሬት እስከ ሰው ደረት ከፍ ያለ የሲሚንቶ መደብ። ሜዳው ሙሉ ሰው ነው። እናቴን ወዲያው አገኘኋት፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፣ እሷ ብቻ ከኋላ ቆማለች። ረዥሙ ልጅ ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ ሜዳው አጉረመረመ። «የማነው ካፖርቱ? የእገሌ አይደለም እንዴ?» ሲባባሉ ይሰማኛል። የእናቴ ፊት በራ። እንዲያ በርቶ ያየሁት አባቴ ከሄደ ወዲህ ያኔ ነው፤ እሱን ፊት እያየሁ፣ የሚመጣውን እያወቅሁ መቆሜ አሁንም ያንገበግበኛል።

ባላባቱ መጣ፣ ጮኸ፣ ገፈተረ። ልጁ ወደቀ። ደህና አድርጎ ነው የወደቀው፤ ካፖርቱ ግራና ቀኝ ተዘረጋ፣ ቀዩዋ ቁልፍ ወደ ሰማይ ቀረች።

ተራው የእኔ ነው። እጄን ጨበጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ከመጋዘኑ በር ውስጥ መምህሩ በሹክሹክታ «አባቴ አልሞተም በይ! በይ እንጂ!» ይለኛል። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ያንን ቃል እናቴ ጠዋት ማታ ስትለው ኖራ እንዴት ይጠፋኛል? ግን ካፖርቱን ተዘርግቶ ሳየው እንደማላምነው አወቅሁ። አባቴ ሞቷል። ዓባይን ሳይሻገር ይሁን ተሻግሮ እንጃ፣ ሞቷል። ይህን እያወቅሁ ያንን ቃል መጮህ አቃተኝ። እናቴን ብቻ አየኋት።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ይሄን ያየ የእኛ አገር ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም፤ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። የተቀመጡት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት። ቀስ ብላ መጣች። መደቡ ላይ አልወጣችም፤ ካፖርቱ በደረቷ ትክክል ነበር። ሁለት እጇን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈችና ያ ስንት ጊዜ ታንቆ የቆየ ድምፅ ወጣ፤

ይሞቀኛል ብለህ ካፖርትህን ጥለህ፣
አፈሩ ሲበርድህ ምን ትደርባለህ?

ጨው ነጋዴዋ ጎረቤታችን «ኢና ሊላሂ!» ብለው ተነሱ፤ መጥተው እናቴን ከኋላ ወገቧን ያዟት። ይዘዋት ሳሉ የራሳቸው ተራ ደረሰ። የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከዚያ ወዲያ የያዘ የለም። ሜዳው ሙሉ ሴት ተነሳ፤ ነጠላው ሁሉ ተዘቀዘቀ። አንዷ እናቷን፣ አንዷ ባሏን፣ አንዷ ስም እንኳ ያልወጣለትን ሕፃን እየጠራች። ያ ክፉ ቀን ሳያስለቅስ የወሰደው ሁሉ ዕዳውን ሊቀበል የመጣ ይመስል ነበር። ባለ ጋቢው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጥለው፣ ከዘራቸውን ሽቅብ ይዘው ለሞተ ወንድማቸው ይፎክራሉ።

ካፖርቱ ውስጥ ያለው ልጅ አንድ ዓይኑን ገልጦ «ልነሳ?» አለኝ።

«ተኛ! ብትነሳ እገልሃለሁ!»

ተኛ።

መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ነጥቆ ወጣ። «ወገኖች! ይሄ ትያትር ነው! ማንም አልሞተም!»

ሽማግሌው ፉከራቸውን አቁመው ዞሩበት። «አንተ ልጅ፣ አፍህን ያዝ» አሉት። «ማን ነው ያልሞተ?»

መምህሩ ድምፅ ማጉያውን አወረደ። ባሕር ዛፉ ሥር የዘረዘረልን ጥበብ ሁሉ፣ ግጥሙም ዜማውም፣ እየዘለለ ደረቱን የሚመታውም፣ ያም ምስል ሆኖ የተጋደመው ልብስ፣ ፊቱ ነበር። እዚያው መደቡ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። በኋላ እንደሰማሁት የእሱም አባት በልጅነቱ ነው የሞቱት፤ በቀብሩ ዕለት «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ጎረቤት ቤት ተቆልፎበት የዋለ ነው።

ልቅሶው በራሱ ጊዜ በረደ። እናቴ ፊቷን ጠረገች። እጇን ዘርግታ የካፖርቱን ቀይ ቁልፍ ቆለፈች፣ ኮሌታውን አስተካከለች። ከዚያ ልጁን ትከሻውን ነካ አደረገችው። «ተነስ ልጄ። ደህና አድርገህ ተኛህለት» አለችው።

ትያትሩ እዚያ ላይ ቀረ። ባላባቱም ሳይሸሽ ቀረ፤ እሱም የተለጠፈ ጺሙን አንጠልጥሎ ሲያለቅስ ነበር። አለቃቸው ተናዷል ተባለ።

በነጋታው ቤታችን ሰው መጣ። መርዶ መጥቷል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። ከእርዳታው ስንዴ እየቆነጠሩ የቀቀሉትን ንፍሮ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ይገባሉ፣ «እግዜር ያጽናሽ»፣ «አብሽሪ» ይሏታል፣ ይቀመጣሉ። እናቴም መሬት ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣ ሳያት መጀመሪያ የሌላ ሰው እናት መሰለችኝ።

ወደ ቀትር ላይ መምህሩ መጣ። ካፖርቱን በሁለት እጁ ታቅፎታል። በሩ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ።

«ምዬልዎት ነበር፣ እማማ» አለ። «አጥፍቻለሁ።»

«ግባ። ካፖርቱን ለዚያ ለረዥሙ ልጅ ስጠው፤ ብርድ አይችልም። ከእንግዲህ ይተኛበትም ይቁምበትም የእሱ ነው።»

«አላወቅኩም ነበር…»

«ኧረ አብሽር!» አለችው፤ እሷ አጽናኝ ሆና። «ምን አጠፋህ? አንተ እሱን ባታስተኛው ኖሮ እኔ መቼ እተኛ ነበር?»

ንፍሮ ዘግና ሰጠችው። እየበላ አለቀሰ። ሰው ሲሄድላት መደቡ ላይ ጋደም አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ባዶ ወደሆነው መስቀያ አዞረች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ውሻ ጮኸ፣ አልነቃችም። ማጠፊያው ሲጢጥ ሲል አልነቃችም። እስኪመሽ ድረስ ተኛች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁላት።